ዝም ያለው ስፖንዳ

ባምባሲ ውስጥ የጅረኛ ፒካፕ ከመድረሷ በፊት ስፖንዳዋ ይደርሳል። መኪናዋ ገና ከመታጠፊያው ወዲያ ሳለች የኋላ መዝጊያዋ ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያለ ይቀድማታል። ሻይ ቤት ደጃፍ የተቀመጡት «ጅረኛ መጣ» ይላሉ፤ ወደ አሶሳ የሚሄድ ሰው ዕቃውን ያነሳል፤ አስፋልት ላይ የተኛ ውሻ እንኳ ዓይኑን ሳይገልጥ ዞር ይላል። ክላክሷ ከሞተ ሰንብቷል። ጅረኛ ሊያሠራው አስቦ ነበር፤ ከዚህ በላይ ምን ሊጮህ ነው ብሎ ተወው።

ስፖንዳው ከፋብሪካ እንዲህ ሆኖ አልወጣም። ድሮ በአንድ እጅ ይከፈት፣ በአንድ እጅ ይዘጋ ነበር። እንደ ብዙ ነገር ሁሉ ያበላሸው ሰው ነው። በገበያ ቀን መኪናዋ ስትሞላ ስፖንዳው ይዘረጋና፣ በሁለት ቀጭን ማንጠልጠያ ብቻ የተያዘ ብረት ላይ አራት ጎረምሳ እግሩን አንጠልጥሎ ይቀመጣል። በማንጎ ወቅት ጆንያው እሱ ላይ ይደረደራል። ወርዶ የሚሄድ ሰው ደግሞ፣ ከሚስቱ ተጣልቶ ከቤት እንደሚወጣ ባል፣ ወርውሮት ይሄዳል። ክረምት ሲገባ ጭቃ መቆለፊያው ውስጥ ይገባል፤ በጋ ሲሆን እዚያው ይደርቃል። ግሪስ የሚያየው በሕልሙ ነው።

መጀመሪያ የግራው መንጠቆ አለቀ። ጅረኛ «የቀኙ አለ አይደል?» አለ። እውነትም ነበር። የግራውን ሥራ ደርቦ ሲሠራ ከርሞ እሱም ጠመመ። ከዚያ ሽቦ መጣ። ሽቦው ሲበጠስ ከአሮጌ ጎማ የተቀደደ ላስቲክ ተተካ። ላስቲኩ በፀሐይ ሲሰነጣጠቅ ገመድ ሆነ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባል የለ፤ አንዱ መንጠቆ በላላበት በኩል መንቀጥቀጡ ገብቶ ማጠፊያውን በላ፣ ማንጠልጠያውን አሳሳ፣ በመጨረሻም የሰውየውን ትዕግሥት ጨረሰ።

የሚያናድደው ጅረኛ አለማወቁ አይደለም። መንጃ ፈቃዱ ገና ያልደረቀ ሾፌር ሲያገኝ ቁጭ አድርጎ ይመክረዋል። «ጭቃውን ሳይደርቅ እጠበው። ማጠፊያውን ግሪስ አትንፈገው። ተዘርግቶ ሳለ ሰው አታስቀምጥበት። ስትዘጋው አንሥተህ ግፋው እንጂ አትወርውረው። መንጠቆው ትንሽ ሲላላ ያኔውኑ አስጠብቀው፣ ኋላ ብረቱን ሁሉ ይዞ ይሄዳል።» ምክሩ አንድም ስህተት የለበትም። የተመከሩት ሾፌሮች መኪና ዛሬም በሥርዓት ይዘጋል። መካሪው ግን ደክሞታል። ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ ወገቡ ከወንበሩ ጋር ከተጣላ ቆይቷል፤ ማታ ቤቱ ሲገባ የሚያስበው ስለ እንቅልፍ ብቻ ነው። የደከመው ሰው ደግሞ ሁሉን ነገር በገመድ ያስራል።

ሚስቱ ኦብሴ ነገሩን ስትናገር ከርማለች። «ጅረኛ፣ ይኼ ነገር አንድ ቀን ሰው መንገድ ላይ ያፈሳል» ትለዋለች። «ከማንጎው በኋላ አሠራዋለሁ» ይላታል። ማንጎው ሲያልቅ «ከዝናቡ በኋላ» ይላል። ዝናቡ ሲያባራ ሌላ ማንጎ ያብባል። ኦብሴ ብዙ የምትናገር ሴት አይደለችም፤ ዝም ማለት ጀመረች። ጅረኛም ዝምታዋን እንደ ስምምነት ቆጠረው። ባሎች እንዲህ ነን።

ሰኔ ሲገባ የኦብሴ አባት አቶ ሂርጳ ወደቁ። ከበረት ሲወጡ ጭቃው አዳለጣቸውና በጎናቸው አረፉ፤ ከዚያ መነሳት አልሆነላቸውም። ጤና ጣቢያ ወስደዋቸው ዳሌያቸው መሰበሩ ታወቀ። አሶሳ ሆስፒታል መግባት ነበረባቸው፤ አምቡላንሱ ግን ምጥ የያዛት ሴት ሊያመጣ ሩቅ ቀበሌ ሄዶ፣ ወንዝ ሞልቶበት ከማዶ ቀርቷል። ወንዙ መቼ እንደሚጎድል የሚያውቅ የለም። ሁሉም ሰው ጅረኛን አየው።

የጤና ባለሙያዋ ልጅ ናት፤ ቃሏ ግን የአዋቂ ነበር። «በጀርባቸው ይተኙ። ፍራሹ እንዳይንሸራተት። በተቻለ መጠን አታንገጫግጯቸው። የተሰበረው አጥንት ከቦታው ቢንቀሳቀስ ውስጥ ያለውን የደም ሥር ሊቆርጠው ይችላል፤ ያኔ አሶሳ መድረስም አይጠቅማቸውም» አለች። ይህን ስትል የምታየው ጅረኛን ሳይሆን መኪናዋን ነበር።

ጅረኛ በማግስቱ ጠዋት ፊቱን እንኳ በቅጡ ሳይታጠብ ብየዳ ቤት ሄደ። በዋዜማው ከቶንጎ ዕቃ ጭኖ ተመልሶ ነበር፤ እጁ አሁንም መሪ የጨበጠ ይመስለዋል። በያጁ ሙርሳል ከቆርቆሮው ጥላ ሥር እጁን አጣምሮ ተቀምጧል።

«ሙርሳል፣ እንዴት አደርክ?»

«አልሐምዱሊላህ። ምን አመጣህ በጠዋቱ?»

«ይኼን ስፖንዳ ዛሬ በይድልኝ። መንጠቆ ቀይርለት፣ ማጠፊያውንም እየው። አማቴን አሶሳ ላደርስ ነው፤ አጥንታቸው ተሰብሯል።»

ሙርሳል ከወንበሩ ተነስቶ ስፖንዳውን ነካ ነካ አደረገውና አንገቱን ነቀነቀ። «ያ ጅረኛ! ያንተ መኪና ደህና ነው፣ በሩ ብቻ ታመመ። ስንት ጊዜ አምጣው አልኩህ። አንተ ነገ አልክ። ዛሬ መጣህ፣ መብራት የለም። ትናንት ማታ ሄደ፣ ወላሂ፣ ሻይ ቤት ማቀዝቀዣ ሁሉ ቀልጧል።»

«ብሎን በስተህ አስገባበት እንጂ፤ ለዛሬ ብቻ።»

«መብሻውም በመብራት ነው፣ ወንድሜ። በጥርሴ ልብሳው?»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ሩቅ አልሄደም። ሙርሳል ዕቃው መሀል ገብቶ አዲስ የናይለን ገመድ ጥቅልል አመጣና እጁ ላይ አስቀመጠለት። «ይኼን ያዝ። ቀስ ብለህ ሂድ። አላህ ያድርሳቸው» አለው።

ጎረቤቱ ተሰብስቦ አቶ ሂርጳን ከነፍራሻቸው አንሥቶ መኪናዋ ላይ አስተኛቸው። ሲያነሷቸው የጮኹት ጩኸት ኦብሴን ግድግዳ አስደገፋት። ከወደቁ ጀምሮ ዓይናቸው አልተከደነም፤ ትንሽ ሲያሸልባቸው አጥንቱ ይወጋቸውና ይባንናሉ፤ ኦብሴም አብራቸው ትባንናለች። አባትና ልጅ ፊታቸው አንድ ዓይነት ሆኗል። የጤና ባለሙያዋ መንገድ ላይ ያስታግስላቸዋል ብላ መርፌ ወጋቻቸው። ዝናቡ ያንጠባጥብ ስለነበር በብረቱ ቅስት ላይ ሸራ ተወጠረ፤ ሸራው የሾፌሩን የኋላ መስኮት ከላይ እስከ ታች ሸፈነው። ኦብሴ ከአባቷ እግር በኩል ተቀመጠች።

ጅረኛ ስፖንዳውን አንሥቶ ዘጋው። የሙርሳልን ገመድ ከግራ በኩል ጀምሮ በእጀታው ቀዳዳ አሳልፎ ወደ ቀኝ ሳበው፤ አንድ እግሩን ብረቱ ላይ አስደግፎ ጥርሱን ነክሶ ወጠረው፤ ቋጠረው። ይህ የማንጎ ጫኞች አስተሳሰር ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። መኪናዋ እስከ አፏ ማንጎ ተጭና በዚህ ቋጠሮ ታስራ ሄዳ፣ አንድም ቀን መንገድ ላይ ተፈቶበት አያውቅም። በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «አትፍሪ» አላት ኦብሴን በሸራው በኩል።

ኦብሴ ዓይኗን ጨፍና ትጸልይ ነበር። ስትጨርስ «ጌታ ይቅደም፤ ሂድ» አለች።

ከባምባሲ አሶሳ ሩቅ አይደለም። ደህና መኪና ለሻይ ሳይቆም ይደርሳል። ጅረኛ ግን ያን ቀን በእግሩ የሚሄድ ሰው እንኳ ሊቀድመው በሚችል ፍጥነት ነበር የሚነዳው። ቢሆንም ስፖንዳው ስፖንዳ ነው፤ መንገዱ በተሸረሸረ ቁጥር ቋ ይላል፤ ቋ ባለ ቁጥር ከሸራው ሥር የሽማግሌው ድምፅ ይሰማል። ጅረኛ ትከሻውን ወደ ጆሮው ሰብስቦ ይነዳል። አንድ ቦታ ላይ ድምፃቸው ጎልቶ መጣ።

«ጅረኛ ልጄ! ይኼ ብረትህ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ ነው የሚጮኸው!»

«ትንሽ ይታገሱ አባ!» አለ ጅረኛ በመስኮት። ምን ሌላ ይላል? አፈረ። ዕድሜውን ሙሉ ነገ፣ ነገ ያለውን ሁሉ አሁን በጆሮው እየሰማው ነው። ራሱን ሰደበ፤ መንገዱንም ሰደበ፤ መብራት ላጠፋውም ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ድርሻውን ላከለት።

ትንሿ ድልድይ ጋ ሲደርስ የአስፋልቱና የድልድዩ መገጣጠሚያ ሰምጧል። ፍሬኑን ረግጦ እንደ ቀንድ አውጣ ተሳበ፤ የፊቱ ጎማ ገባ፣ ወጣ፤ የኋላው ሲገባ ስፖንዳው ያን ቀን ከጮኸው ሁሉ የባሰ አንድ ጊዜ ጓ! አለ። ጅረኛ ጥርሱን ነክሶ የሽማግሌውን ጩኸት ጠበቀ። ምንም አልተሰማም። የሚቀጥለው ጉድጓድ መጣ፤ ስፖንዳው ዝም አለ። ሌላ ጉድጓድ፤ ዝም።

ጅረኛ ጆሮውን ማመን አቃተው። ፍጥነቱን ትንሽ ቀንሶ አዳመጠ። ሞተሩ ይሰማል፤ ዝናቡ ሸራው ላይ ይሰማል፤ ስፖንዳው የለም። «ያ ምት ቋጠሮውን አጠበቀው ማለት ነው» አለ ለራሱ። ቋጠሮ አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ አንድ ጊዜ ሲነቀነቅ ቦታውን ይይዛል። ትከሻው ከጆሮው ወረደ። ጣቶቹ መሪው ላይ ላላ አሉ። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው በገዛ መኪናው ውስጥ ዝናብ የሰማው? እንዲህ የሚያምር ድምፅ እንደነበረው ረስቶ ኖሯል።

አባም ዝም ብለዋል። መርፌው ሠርቶ ነው፤ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ኦብሴም እግራቸው ሥር ጋደም ብላ ይሆናል፤ ይገባታል፣ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብላ ያነጋች ሴት። ጅረኛ ይህን ሲያስብ ደስ አለው፤ ደስታው እንደ ሙቅ ውሃ ወገቡ ድረስ ወረደ። የሰይጣን ጆሮ ይደፈን አለና ማርሽ ጨመረ። ስፖንዳው ካልጮኸ ምን ቸገረው? ቶሎ መድረስም ለእሳቸው ነው። ዳገቱን እንኳ በቀስታ ሊወጣው ያሰበውን ትንሽ ገፋ አድርጎ ወጣው። በግራም በቀኝም የሽመሉ ቀርከሃ ጫካ ረጥቦ ተደፍቷል፤ የማንጎው ዛፍ ሁሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኗል። ለሙርሳል የሚለውን በልቡ አዘጋጀ፦ «ብየዳህን ለራስህ፤ ገመድህ ብቻውን በቃ።» እንደዚያ ሲል ሙርሳል የሚስቀውን ሳቅ እያሰበ ብቻውን ፈገግ አለ። መንገዱን በሙሉ ዐረፈ ቢባል ይሻላል። ደክሞት የነበረ ሰው ሁሉ እንደሚያርፈው፣ ለምን እንደተመቸው ሳይጠይቅ ዐረፈ።

አሶሳ ሲገባ ባጃጆቹን በትዕግሥት አሳለፈ። የሆስፒታሉ ዘበኛ በሩን ከፈተለት። ከድንገተኛ ክፍሉ ደጃፍ አቁሞ ሞተሩን አጠፋና፣ ወገቡን ይዞ ወርዶ ቋጠሮውን ሊፈታ ወደ ኋላ ዞረ።

በቀኝ በኩል ቋጠሮ የለም።

ጅረኛ ቆመ። ገመዱን የቋጠረበት ብረት ባዶውን ነው። ገመዱ በግራ በኩል እንደታሰረ አለ፤ በእጀታው ቀዳዳ አልፏል፤ ከዚያ ግን ወደ ቀኝ በመሄድ ፈንታ በስፖንዳው አናት ላይ ወጥቶ ወደ ሸራው ውስጥ ይገባል። እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። ሸራውን ገለጠው።

ኦብሴ ሁለት እግሯን የስፖንዳው ግርጌ ላይ ተክላ፣ ወደ ኋላ ተለጥጣ፣ ገመዱን በሁለት መዳፏ ላይ ጠቅልላ ይዛ ነበር፤ የሚፈረጥጥ በሬ እንደያዘ ሰው። ነጠላዋ ከራሷ ወርዷል። ዝናብ ይሁን ላብ፣ ፊቷ ርሷል። ከኋላዋ አቶ ሂርጳ አፋቸውን ከፈት አድርገው ተኝተዋል።

«ኦብሴ!» አለ።

«ቀስ» አለች በሹክሹክታ። «መጀመሪያ ስፖንዳውን ያዘው። ከያዝከው በኋላ እለቃለሁ።»

በሁለት እጁ ያዘው። ገመዱ ላላ። እሷ ግን እጇን ወዲያው መዘርጋት አልቻለችም፤ ጅረኛ ስፖንዳውን ቀስ አድርጎ አውርዶ፣ ከመዳፏ ላይ ገመዱን ዙር በዙር ፈታላት። ናይለኑ በተጠቀለለበት ቦታ ሁሉ ቆዳው ተልጦ ደም አቅርሯል።

«የት ነው የተፈታው?»

«ድልድዩ ጋ።»

«ድልድዩ ጋ?» ድልድዩን ከባምባሲ ሳይርቁ ነው ያለፉት። ከዚያ በኋላ የነዳው መንገድ ሁሉ፣ ማርሹ፣ ዳገቱ፣ ፈገግታው አንድ በአንድ መጣበት። «ለምን አልመታሽም ታዲያ? ብረቱን በእግርሽ ብትመቺ፣ ብትጮኺ እቆም አልነበር?»

«እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር» አለች። «ያን ጊዜ ነበር የወሰዳቸው፣ ልክ ድልድዩን ስናልፍ። ብመታ ይነቃሉ። ብለቀው ይጮህና ይነቃሉ። ደግሞ ዳገቱ ላይ ፍራሹ ወደዚህ መንሸራተት ጀመረ፤ በጀርባዬ ደገፍኩት።» ይህን ስትለው ቁጣ አልነበረባትም። ቁጣ ቢኖርባት ይሻለው ነበር።

ጅረኛ ያን ጊዜ ገባው። ማንጎ ሲጫን ጆንያው ስፖንዳውን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ገመዱ የሚወጠረው፣ ቋጠሮውም የሚጠብቀው በዚያ ክብደት ነው። ዛሬ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ፍራሽ ላይ ተኝተው ምን ይገፋዋል? በተነቃነቀ ቁጥር ገመዱ ላልቶ ላልቶ ወጣ። ዕድሜውን ሙሉ ዕቃ ሲጭን ኖሮ ሰውን እንደ ዕቃ አሰረ፤ ያውም ያን ያህል የሚዋደዱ አባትና ልጅ። «አትፍሪ» ማለቱ ትዝ ሲለው መሬት ብትውጠው በወደደ።

«ቀስ ብለህ ብትነዳ ይሻለኝ ነበር» አለች ኦብሴ ደግሞ፤ ከዚያ ይህም የበዛ ቃል የመሰላት ይመስል እጆቿን ብብቷ ሥር ከተተች።

ሁለት ነርሶች አልጋ እየገፉ መጡ። የጎማው ድምፅ አቶ ሂርጳን አነቃቸው። ዓይናቸውን ገልጠው ሸራውን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ፤ ከእግራቸው በኩል የቆመውን አማቻቸውን አዩ። ፊታቸው ላይ ከወደቁ ወዲህ ያልታየ መረጋጋት ነበር።

«ደረስን እንዴ?»

«ደረስን አባ» አለ ጅረኛ።

«ምንም አልተሰማኝም እኮ። እንደ ሕፃን ተኛሁ።» እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው ወደ እሱ ዘረጉ፤ ጅረኛ ጎንበስ ብሎ ያዘው። «መንገድ ላይ አቁመህ አሠራኸው መሰለኝ፣ ያንን ብረት? ዝም አለልኝ። እኔ ስለ አንተ አንዳንዴ እናገር ነበር፤ ሰነፍ ነው እል ነበር። ይቅር በለኝ። ተባረክ ልጄ። ለእኔ እንዳሰብክልኝ እግዚአብሔር ያስብልህ። ልጅህ እንዲህ ይጡርህ።»

ጅረኛ አፉን ከፈተ። አሜን የምትል ትንሽ ቃል ነበረች የሚጠበቅበት። ኦብሴን አያት። ትናገራለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትናገር ሸክሙ ይቀለው ነበር።

ነርሶቹ ፍራሹን አራቱን ጫፍ ያዙልን አሉ። ኦብሴ እጆቿን ከብብቷ አወጣች፤ ጣቶቿ ግን ጨርቁን አልጨብጥ አሉ፤ መልሳ ደበቀቻቸው። ጅረኛ የእሷንም ጫፍ ደርቦ ያዘ።

ሽማግሌው ገና መልሱን እየጠበቁ ወደ ላይ ያዩታል። የተመረቀ ሰው ዝም ሲል ነገር እንዳለ ያውቃሉ፤ ግንባራቸው መቋጠር ጀመረ።

«አሜን በላቸው እንጂ» አለች ኦብሴ በደከመ ድምፅ። «ሲመርቁህ አትሰማም?»

«አሜን» አለ ጅረኛ።